ከጋቢና የተጻፈ

ጥቅምት 8

ይድረስ ለማከብርሽ ለእትዬ፤

አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ እላለሁ። ወገብሽስ? ደረጃ መውጣቱ አሁንም ያደክምሻል? እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን አንቺን ከማጣታችን በቀር ምንም አልጎደለብንም። ጆሮሽ ስልክ አልሰማ ካለ ወዲህ ደብዳቤ መጻፍ ለምጄ፣ ይኸው ጣቶቼ እንደ ተማሪ በቀለም ተነክረዋል።

እትዬ፣ ቀጥሎ ያለውን ከማንበብሽ በፊት ቁጭ በይ። መኪና ልገዛ ነው። እሱስ ምን ይገርማል ትይ ይሆናል፤ የምገዛው የስፖርት መኪና ነው። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ከመሬት ብዙም ከፍ የማትል፣ ስትገቢባት ጉልበትሽ አገጭሽን ሊነካ የሚደርስ። በሃምሳ አምስት ዓመቴ! አሳንሰር ሲጠግን የኖረ ወገቤ ከውስጧ እንዴት እንደሚወጣ እኔም አላውቅም። ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀች፤ ቀልድ አለመሆኑ ሲገባት ማንኪያዋን አስቀምጣ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር።

ሁለት አሉ። አንደኛዋ አራት ዓመት የተነዳች አሮጌ ናት፤ ቱርቦ፣ ማለት አየር በኃይል ወደ ሞተሩ የሚነፋ መሣሪያ፣ አላት። ሁለተኛዋ ከፋብሪካ የወጣች አዲስ ናት፤ ቱርቦ የላትም፣ ሞተሯ በራሱ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሠራው። ዋጋቸው እኩል ነው፤ ጉልበቱ ግን ያለው ከአሮጌዋ ዘንድ ነው። ሻጩ በአሮጌዋ አንድ ዙር አዞረኝ። ቤንዚን ሲረግጥ መጀመሪያ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ ሰው ከኋላ እንደገፋት ትወረወራለች። ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ፣ ከፊቴ ያለው መሳቢያ በራሱ ጊዜ ተከፈተ፣ የሰውየው ቀለበት ካምቢዮው ላይ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። አዲሷ ሌላ ናት። ድንገት አትወረወርም፤ እየጨመረች፣ እየጨመረች ትሄድና ድምጿ ደረት ውስጥ ይገባል።

አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ መንጃ ፈቃድ ስትፈትኚ የኖርሽ ሴት ነሽ። የትኛዋን ልውሰድ?

ታናሽሽ፣ ጭራሮ

ኅዳር 2

ለወንድሜ ለጭራሮ፤

ሰላምታዬ አንተንም ቤትህንም ያዳርስ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤም ከእኔ ጋር ተስማምቶ ይኖራል።

ጉድ እኮ ነው! ደብዳቤህን ደረጃው ላይ ቆሜ ነው የከፈትኩት። «ቁጭ በይ» ያልከው ጋ ሳልደርስ «የስፖርት መኪና» የሚለውን ዓይኔ ቀድሞ አየውና ክው ብዬ ጮህኩ። የታችኛው ቤት ልብስ ሰፊው፣ ሰው የሞተብኝ መስሎት፣ መቀሱን እንደያዘ ወጣ። ያንተ እኩዮች በዚህ ዕድሜ ለስላሳ ጫማ ነው የሚገዙት አንተዬ!

እንግዲህ ከጠየቅኸኝ አዲሷን ውሰድ። ቱርቦ ክፉ ሆኖ አይደለም። ግን ቱርቦ እንደያዘው ሰው ነው፤ ሲጋልባት ውሎ ወዲያው ቁልፉን የሚነቅል ሰው እጅ ከነበረች ውስጧ ተቃጥሎ ነው የምትገዛት፣ ከውጭ ደግሞ አይታይም። አሮጌዋን የግድ ካልክ ከቀጠሮህ አንድ ሰዓት ቀድመህ ሂድ። ተንኮለኛ ሻጭ ገዢው ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን ያሞቃል፤ የሞተር በሽታ ድምፁ የሚሰማው ቀዝቅዞ ሲነሣ ነውና። ኮፈኑን በመዳፍህ ዳስስ። ትኩስ ከሆነ ደህና ዋል ብለህ ተመለስ።

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልለፍ። ደብዳቤህን እንደ ፈተና ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ መሪው አንድ ቃል የለም። ከበደህ ወይስ ቀለለህ? ፍሪሲዮኑስ ሩቅ ነው ቅርብ? እግርህ የት ነበር? መሳቢያው የተከፈተው ከፊትህ ነው፤ ካምቢዮው ላይ የነበረው እጅ የሻጩ ነው። ሁለቱንም መኪና ጋቢና ተቀምጠህ ነው ያየሃቸው። ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው እንዴት መሪውን አልይዝም ይላል?

ድሮ የላክህልኝ፣ ነጭ መኪና ተደግፈህ የተነሣኸው ፎቶ እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ አለ። እሱን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ጭራሮ፣ መንጃ ፈቃድ አለህ አይደል?

እህትህ

ኅዳር 27

ይድረስ ለእትዬ፤

ሰላምሽ ይብዛ። እኛ ደህና ነን፤ ልጃችን ፈተናዋን ጨርሳ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ዋለች።

መንጃ ፈቃድ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ነጩ መኪና የጎረቤት ነው፤ ባለቤቱ ዳቦ ሊገዛ ሲገባ ተደግፌ ተነሣሁ። እማዬ ፎቶውን አይታ አለቀሰች ስትሉኝ በደስታ መስሎኝ ነበር።

እንዴት ይኖረኛል ብለሽ ነው? የፈተንሽኝ አንቺ ነሽ። ያን ቀን ከመኪናው ወርደን፣ ተራቸውን በሚጠብቁት ሁሉ ፊት ወረቀቱን አነበብሽልኝ፦ «ይህ ሰው መሪ ከያዘ ሰው ይገድላል።» ቃል በቃል ነው የማስታውሰው። ቂም ይዤ እንዳይመስልሽ። የአክስቴ ልጅ ሆነሽ ሳታዳዪ እውነቱን ስለነገርሽኝ እንዲያውም አከበርኩሽ። አባዬን የጭነት መኪናው ቁልቁለት ላይ ገደለው፤ ወንድሜ ደግሞ አባዬ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ከነታክሲው ቀረ። እኔም በደማችን ያለ ነገር ነው፣ እትዬ አየችብኝ፣ አልኩ። የተቀጠርኩበትን የሾፌርነት ሥራ ለሌላ ሰጡት፣ እኔም በሰባተኛው ወር አገር ለቅቄ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ መሪ ነክቼ አላውቅም ነበር። ለማንም ያላወራሁትን ልንገርሽ። ልጃችን ስትወለድ ባለቤቴ ምጥ ይዟት ራሷ ነድታ ሆስፒታል ገባች። እኔ ጋቢና ተቀምጬ የውሃ ጠርሙስ ይዤ ነበር። መብራት ላይ ስንቆም መሪውን በሁለት እጇ አንቃ ይዛ ታምጣለች፤ ከጎናችን የቆመ ሾፌር መስኮቱን አውርዶ አየኝ። ያ ሰው ያየኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ አለ።

ባለፈው በጋ ግን አብሮኝ የሚሠራው በያጅ ገበያው የተዘጋበት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ወስዶኝ፣ በግድ፣ ቁልፉን ሰጠኝ። ከዚያ ምን ሆነ መሰለሽ? ነዳሁ። በምሰሶዎቹ መሃል ነዳሁ፣ ወደ ኋላ አቆምኩ። በያጁ ከት ብሎ ሳቀና «አንተ ሰውዬ ስትዋሸኝ ኖረሃል፣ ነድተህ ታውቃለህ!» አለኝ። እትዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጋቢና የተቀመጠ ሰው የሚገዛው መኪና ሁለት ወንበር ቢኖረው ይበዛበታል?

አንድ ነገር ብቻ አስቸግርሽ። እዚህ አስተማሪ ይዣለሁ፣ ፈተናውም ቀርቧል። ያኔ ምን እንዳጠፋሁ ባውቅ እሱን ለይቼ አርም ነበር። የፈተና ወረቀቴን ከመዝገብ ቤት አውጥተሽ ላኪልኝ።

ጭራሮ

ጥር 21

ለወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ስለዘገየሁ አትቀየመኝ። የላይኛው ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ጣሪያዬ ሲያንጠባጥብ ሰነበተ፤ ሠራተኛው ዛሬ ነገ እያለ አመላለሰኝ።

ስለ መኪናው አስቤበታለሁ። አዲሷ ትሻልሃለች። ሰው ገና ሲጀምር እግሩን የሚታዘዝ ሞተር ነው የሚያስፈልገው። ቱርቦ ስትረግጠው ዝም ይልና፣ ረሳው ስትል ያመጣዋል፤ ለማጅ እዚያ ላይ ይደነግጣል። ደግሞ ለልጅህ ሦስተኛ ወንበር አለመኖሩን አስብበት።

ስለ ወረቀቱ ደግሞ፣ መዝገብ ቤቱ ባለፈው ክረምት ውሃ ገብቶበታል አሉ። ቢገኝስ ምን ያደርግልሃል? የድሮውን ተወው። አስተማሪህ የሚልህን ስማ።

የባለቤትህ ራስ ምታት ተሻላት ወይ? ልጅህን ሳምልኝ።

እህትህ

የካቲት 30

ይድረስ ለተከበሩት እትዬ፤

ጤናዎን እመኛለሁ።

ደብዳቤዎ ሲዘገይብኝ ለመዝገብ ቤቱ ራሴ ጽፌ ነበር። አዲሱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ትጉህ ልጅ ነው፤ በሦስት ሳምንት ቅጂውን ማህተም አድርጎ ላከልኝ። ውሃ የሚባል አልገባበትም። ወረቀቱ ደረቅ ነው፣ የእርስዎም የእጅ ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ዳገት ላይ ማስነሣት፣ ሃያ ከሃያ። መታጠፍ፣ ሃያ ከሃያ። ምልክት ማክበር፣ ሃያ። ማቆም፣ ሃያ። በበርሜሎቹ መሃል ወደ ኋላ መንዳት፣ አሥራ አንድ። ድምር ዘጠና አንድ። ከላይ «ማለፊያ ሰባ» የሚል ታትሟል። ከታች፣ አስተያየት በሚለው ቦታ፣ ያ ያነበቡልኝ ዓረፍተ ነገር፤ ከሥሩ በቀይ «ወድቋል»።

የአሳንሰሩ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው የከፈትኩት፣ ሥራ ላይ ሆኜ። ድምሩን አራት ጊዜ ደመርኩት። ከዚያ መሣሪያ ሳጥኔ ላይ ተቀመጥኩና በያጁ መጥቶ እስኪያነሣኝ ድረስ የት እንዳለሁ አላውቅም ነበር። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ወረቀቱን ስሰጣት አነበበችው፣ መለሰችልኝ፣ ከዚያ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ አለቀሰች።

በዚያው ሳምንት አሮጌዋን መኪና ለማየት ቀጠሮ ነበረኝ። እንደመከሩኝ አንድ ሰዓት ቀድሜ ሄድኩ። ሰውየው ሞተሩን አስነሥቶ ሲያሞቅ ደረስኩበት። እርስዎም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ከመድረሴ በፊት ሞተሩን ሲያሞቁልኝ ኖረዋል።

ለምን?

መጋቢት 24

ለወንድሜ፤

«እርስዎ» ብለህ ጻፍክልኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም፤ ከፖስታ ቤቱ በር ላይ ወደ ውስጥ ተመልሼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሚገባኝ ነው።

ስለ ውሃው ዋሽቻለሁ። አሁን እውነቱን ልንገርህ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፣ የእኔስ ንጋት መሽቶበት ነው የመጣው።

ከፈተናህ በፊት በነበረው ቀን አክስቴ፣ እናትህ፣ መሥሪያ ቤት መጣች። ወንበር ብሰጣት አልቀመጥም አለች። «ባሌን መኪና በላው፣ የበኩር ልጄን በላው። ይሄን አንድ የቀረኝን ከፈተናው ጣይልኝ» አለችኝ። አይሆንም አልኳት፤ ደንብ አለ፣ ሥራዬ ነው አልኳት። እግሬ ላይ ወደቀች። ስታጠባኝ የኖረች፣ ከእናቴ ለይቼ የማላያት ሴት እግሬን ይዛ መሬት ላይ ናት! እሺ አልኳት። ተነሥታ ቀሚሷን ካራገፈች በኋላ ደግሞ «ብትጥይው ብቻ በወሩ ይመለሳል። ሁለተኛ የማይመለስበትን ነገር በይልኝ» አለች። ያን ዓረፍተ ነገር ማታውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እሷ አላዘዘችኝም፤ ቃሉ የራሴ ነው።

በማግስቱ ነጥብህን ላጎድል ቆርጬ ነበር ጎንህ የተቀመጥኩት። መንዳት ስትጀምር ግን ለምን እንደተቀመጥኩ ረሳሁት። በእጅህ ላይ ችኮላ አልነበረም። ነጥቡን በየመስመሩ የምሞላው አንተ እየነዳህ ሳለ ነው፣ እጄም ዓይኔ ያየውን ጻፈ። ስንመለስ እናትህን ከአጥሩ ወዲያ ጥላ ይዛ ቆማ አየኋት። የዚያን ጊዜ ያን ዓረፍተ ነገርና «ወድቋል» የሚለውን ጻፍኩ። አለቃዬ የሚያየው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነበር።

አንተ ከፈተናው በሰባተኛው ወር አገር ለቀቅህ። እሷም ከአውሮፕላን ማረፊያው ቀጥታ እኔ ዘንድ መጥታ «ከመኪና አስጥዬ ለአውሮፕላን ሰጠሁት» ብላ በሩ ላይ ተቀመጠች። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እንዲህ ሆኖ ነው። እንዳትነግሪው ብላ አስማለችኝ። ከሞተች በኋላ ግን መሐላው አልነበረም የያዘኝ። ፎቶህ ነው። እየነዳ ነው፣ ምንም አልጎዳሁትም፣ እያልኩ ባየሁት ቁጥር እደሰት ነበር። ያንተ ባለቤት እያማጠች ስትነዳ እኔ እዚህ ፎቶህን እየወለወልኩ ነበር።

አንድም ሰበብ የለኝም። ይቅር በለኝ። ባትለኝም አልፈርድብህም።

የአክስትህ ልጅ

ሰኔ 3

ይድረስ ለእትዬ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሁለት ወር ብዕር አላነሣሁም። የጻፍኩትን መልሼ እቀድደው ነበርና ነው። አንዱን ደብዳቤ ብታነቢው በዚህ ዕድሜሽ ሆስፒታል ያስገባሽ ነበር።

ይቅርታውን ገና አልጨረስኩትም፤ አልዋሽሽም። እማዬን በሕልሜ ተጣልቻት አውቃለሁ። ግን ይኸው «አንቺ» ወደ እጄ ተመልሷል፤ እኔም ሳላስበው ነው።

አዲሷን አስይዣለሁ። ሲረገጥ ወዲያው የሚመልስ ይሁንልኝ፤ የሚዘገይ ነገር በቃኝ። ይቺን የምትሸጠው ሴት እስከ ሐምሌ መጨረሻ ልታቆይልኝ ቃል ገብታለች፣ ግን መንጃ ፈቃድ ሳላሳያት ቁልፍ አትሰጠኝም።

ትናንት ተፈተንኩ። ወደቅሁ።

አትደንግጪ፤ ነው ወይስ ደንግጪ ልበልሽ? እኔ እስካሁን አላመንኩትም። ፈታኙ ጭምት ሽማግሌ ነው። እስከ መጨረሻው መታጠፊያ አንድም አላጠፋሁም። እዚያ ስንደርስ ሰውየው አንድ ነገር ሊጽፍ ብዕሩን አነሣ። የብዕሩ ክዳን ሲነቀል ሰማሁ፣ ከዚያ ድምፅሽን ሰማሁ። «ሰው ይገድላል።» እግሬ ከነዳጁ ላይ ተነሣና መስቀለኛ መንገድ መሃል ላይ ቆምኩ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ ይነፋል፣ እኔ መሪውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀርቻለሁ። ሰውየው ወርዶ በእኔ ቦታ ገብቶ ነዳው። እንደገና ጋቢና ተቀምጬ ተመለስኩ።

ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ማወቄ እግሬ ድረስ አልወረደም። ሐምሌ አሥራ አምስት ዳግመኛ እፈተናለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደፍሬ የምመለስ አይመስለኝም። ስለዚህ ያን ቀን ልትጽፊ የሚገባሽን ጻፊልኝ። አዝነሽልኝ አታሳምሪው። ጥፋት ካለብኝም ጥፋቴን ጻፊው፤ ካሳመርሽው አላምንሽም።

ጭራሮ

ሰኔ 24

ለወንድሜ ለጭራሮ፤

ሰላምታዬ ይቅደም። ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን ጀምሬ ዛሬ ጨረስኩት። መስመሩን በማስመሪያ ያሰመርኩት ራሴ ነኝ። ማህተም የለኝም፤ ጡረታ ስወጣ አስረክቤዋለሁ። ፊርማው ግን ያው ነው።

የተፈታኙ ዕድሜ፦ ሃያ አራት።

ዳገት ላይ ማስነሣት፦ ሃያ። መኪናው አንዲት ጣት ያህል ወደ ኋላ አልሄደም።

መታጠፍ፦ ሃያ። ፍሬቻ ያበራው ከመታጠፉ በፊት እንጂ እየታጠፈ አይደለም።

ምልክት ማክበር፦ ሃያ። መንገድ ለምታቋርጥ ነፍሰ ጡር ሴት ሳትጠይቀው ቆመ።

ማቆም፦ ሃያ።

ወደ ኋላ መንዳት፦ አሥራ አንድ። ግራ ስፖኪዮውን አያይም። ሁለተኛውን በርሜል በመከላከያው ነካው። ይህ የራሱ ጥፋት ነው፤ ዘጠኙ ነጥብ በትክክል ተቀንሷል። አንገቱን ማዞር ይልመድ።

ድምር፦ ዘጠና አንድ።

አስተያየት፦ ይህ ሰው ሲነዳ ፈታኟ ጋቢና ተቀምጣ ነበር። አባቱንና ወንድሙን መንገድ ላይ ማጣቱን እያወቀች፣ ልትጥለው ቆርጣ ገብታ፣ ሃያ ስድስት ደቂቃ ጎኑ ስትቀመጥ አንድም ጊዜ አልፈራችም።

ውጤት፦ አልፏል።